የቀትር በረራ

ትናንት ከሾላ ወደ መሪ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት እናት ዘምቢሏን ከመቀመጫው ሥር ለማስገባት ብላ፣ እሺም እምቢም ሳልል ልጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። የአራት ወይም የአምስት ወር ልጅ ነው። የዱቄት ወተት፣ የሕፃን ቅባትና ትንሽ የኮመጠጠ ትውከት ይሸታል። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እጆቼ እኔን ሳያማክሩ መወዛወዝ ጀመሩ። መገናኛን አልፈን እናትየዋ ዘምቢሏን አስተካክላ ከጨረሰች በኋላም አልቆሙም። «ብዙ ልጅ ያሳደጉ ይመስላሉ፣ እማማ» አለችኝ። «አስራ አንድ» አልኳት። አልዋሸሁም፤ እውነቱንም አልነገርኳትም። አስራ አንዱም የሰው ልጆች ነበሩ። አንድ በአንድ በአውሮፕላን አድርሼ፣ ለሰው አስረክቤ፣ ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት።

ዘመኑን በትክክል አታስቆጥሩኝ። ሚሊኒየሙ ገና አልመጣም ነበር። ሞባይል ያለው ሰው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በጣት የሚቆጠር ነው፤ እሱም ሰው እንዲያይለት በቆዳ ማኅደር ቀበቶው ላይ ያንጠለጥለዋል። ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ የሚያወጣው ታክሲ በሳንቲም ነበር፤ ወያላው በበሩ ተንጠልጥሎ «ፈረንሳይ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ይላል፤ አንድ ሰው ማለቱ አምስት ሰው ሊጠቀጥቅ ሲፈልግ ነው። እኔ ያኔ ከመርካቶ የገዛሁት የሰልቫጅ ካፖርት ነበረኝ፤ አመድማ፣ ቁልፎቹ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የሚያክሉ። ገዝቼው ቤት ስደርስ በውስጥ ኪሱ የአንዲት የማላውቃት ፈረንጅ የባቡር ትኬት አገኘሁበት። ሳልጥለው ለዓመታት አብሮኝ ዞሯል። እሠራበት የነበረው የሕፃናት ማሳደጊያ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ በሚታጠፈው ኮረኮንች ላይ፣ ከአንድ ካሴት ቤት ጀርባ ነበር። ካሴት ቤቱ ጠዋት ሲከፍት ዘፈኑ ግንቡን ዘሎ ይገባና ሕፃናቱ ጡጦ እየጠቡ እግራቸውን ያወናጭፋሉ። ዛሬ ካሴት ቤቱም ማሳደጊያውም የሉም፤ ባለፈው ሳልፍ ቦታው ላይ የሴራሚክ መደብር አየሁ።

እኔ እዚያ ነርስ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ «ሲስተር ሙሉ» ይለኛል። ሕፃናቱ ውጭ አገር ለሚያሳድጓቸው ሰዎች ሲሰጡ፣ አንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ መጥቶ ይወስዳል፤ መምጣት ላልቻለው ደግሞ አድርሶ የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ጉዞዋ የሚያስቆጣው ሰው የለም ብለው መሰለኝ የመረጡኝ። መጀመሪያ ኩራት ተሰማኝ። ከዚያ ሥራው ምን እንደሆነ ገባኝ። ገና በአውሮፕላኑ በር ሕፃን ታቅፌ ስገባ፣ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ «አጠገቤ አታድርጋት» ብሎ ሲጸልይ ከፊቱ ይነበባል። አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ሕፃኑን ጆሮው እንዳይጠዘጥዘው ጡጦ አፉ ውስጥ መሆን አለበት። የወተት ዱቄቱን ቤት እያለሁ በየጊዜው መጠን ለክቼ በትናንሽ ብልቃጥ እይዛለሁ። ሽንት ቤት መሄድ ራሱ ሙያ ነው፤ በር ቆልፎ፣ ሕፃኑን በአንድ ክንድ ታቅፎ፣ በሌላው ቀሚስ መሰብሰብ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን መመለሻው ነበር። እጄ ባዶ ሆኖ ስመጣ፣ ክብደቱ ከእጄ አይወርድም፤ ለሦስትና ለአራት ቀን ክንዴ ላይ የሆነ ነገር እንደተኛ ነው።

ሰባተኛዋ የሸዋዬ ልጅ ነበረች። ሸዋዬ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው በጉራራ በኩል ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ናት፤ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። የልጁ አባት ጥሏት ሄዷል፤ እሷ ደረቷን ያማታል፣ ያስላታል፤ አንድ ሰው ደግሞ «ተምራ ትመጣልሻለች» ብሏታል። ያ ሰው እኔ አለመሆኔ እስከ ዛሬ ያጽናናኛል። ልጅቷን ትዕግሥት ነው የምትላት። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ አምስት ወሯ ነበር። የምንሄድ ዕለት አመሻሽ ላይ ሸዋዬ ሸክሟን እንኳ ሳታወርድ ማሳደጊያው በር ላይ ቆማ አስጠራችኝ። እናቶች በዚያን ቀን እንዳይመጡ ይከለከል ነበር። ዘበኛው አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ለማንም አያውሩት።»

«ምንድን ነው?»

«ክርስትና ስሟን ነው።»

እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ። አባቴ ከወለጋ፣ እናቴ ከሸዋ፤ ስሜ ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ብቻ ነው። ግን የሰፈሬን ልማድ አውቃለሁ። ኦርቶዶክስ ሰው ልጁ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የወጣላትን ስም ለባዳ አይሰጥም። ካህኑ፣ ወላጆቿና የክርስትና እናቷ ያውቁታል፤ በቃ። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይሠራበታል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ሸዋዬ ምን እየሰጠችኝ እንደሆነ ገብቶኛል።

«ከፈራች ወይም አልመለስ ካለች በጆሮዋ ይጥሯት፤ ትመለሳለች» አለችኝ። «እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ለምታሳድጋት ሴትዮ በጆሮዋ ይንገሩልኝ። የሚጠራት ሰው እንዳታጣ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ይርሱት።»

«እሺ።»

«ደግሞ በቀትር አያውጧት፣ ሲስተር።»

እዚህ ላይ ሳቅኩ። የሰፈሬ እናቶች ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ሕፃን ይዘው ከደጅ አይወጡም፤ ያ ሰዓት የሰው ሰዓት አይደለም ይላሉ። «አውሮፕላን ውስጥ ምን ቀትር አለ» አልኳት። እሷ አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች፣ የሸክሟ ቅጠል ጉንጬን ነካኝ፣ ስሙን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም። የእኔ አይደለም።

እስከ አውሮፓ ያለው ጉዞ ሌሊት ነበር፤ ትዕግሥት እንደ ስሟ ሆና ተኛች። እዚያ ጥቂት ሰዓት ጠብቀን፣ ባሕር አቋርጦ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን አውሮፕላን ስንሳፈር እኩለ ቀን ሆኗል። የሕፃን አልጋ በሚሰቀልበት ግድግዳ ፊት ለፊት አስቀመጡን። ከኋላዬ ያለው ረድፍ ባዶ ነበር፤ ሦስት መቀመጫ። ከመነሳታችን በፊት ሆስተሷ ቀበቶዎቹን በየመቀመጫው ላይ ስታስተካክል አይቻለሁ።

አውሮፕላን ወደ ምዕራብ ሲሄድ ከፀሐይ ጋር እኩል ይሄዳል። ይህን ከዚያ በፊት ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አስቤበት ግን አላውቅም። የእጅ ሰዓቴ የአዲስ አበባን ምሽት ይቆጥራል፤ በመስኮቱ በኩል ግን ያው ቀትር ነው። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ከተሰቀለችበት አልነቃነቅ አለች። ታች ያለው ደመና ነጭ ነው፤ የክንፉ ጥላ እንኳ አይታይበትም። ሆስተሶቹ ሰው እንዲተኛ መስኮቱን ሁሉ አስዘጉ። በየመስኮቱ ሥር ግን ቀጭን የብርሃን ክር ቀረ፤ እሱም ቦታውን አልለወጠም።

ትዕግሥት ከተነሳን ጀምሮ አልተኛችም። አላለቀሰችም። ጡጦውን ስሰጣት አፏን ከፍታ ትቀበለዋለች፣ አትጠባም፤ ወተቱ በአገጯ ይወርዳል። ዓይኗን ከእኔ ትከሻ በላይ ተክላ ታያለች። መብራቱን ይሆናል ብዬ አዞርኳት፤ አንገቷን ጠምዝዛ ወደዚያው ተመለሰች። እኔም ዞርኩ። ባዶ ረድፍ ነው። የመካከለኛው መቀመጫ ቀበቶ ግን ተቆልፏል፤ ተቆልፎም ሰው እንዳሰረው ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ቆሟል።

ሆስተሷን ጠርቼ ከኋላዬ ማን ተቀምጦ እንደነበር ጠየቅኳት። «ማንም» አለችኝ። ሙቅ ውሃ አምጥታልኝ «እንዴት ያለች ዝምተኛ ልጅ ናት» ብላ አድንቃ ሄደች። እኔ ነርስ ነኝ፤ የልጅ ዝምታ ከለቅሶው የበለጠ ያስፈራኛል። ትኩሳቷን ለካሁ፤ የለም። የልብ ምቷን ቆጠርኩ፤ ደህና ነው። እግሯ ግን በረዶ ሆኗል፤ ዓይኗን ስትከድን አያለሁ ብዬ ስጠብቅ እኔ ራሴ ስንቴ ከደንኩ። እንደ ቤተ ክርስቲያኔ ወግ እጄን ጭኜ ጸለይኩላት። ምንም የለም። ያን ጊዜ ፍርሃት ገባኝ፤ ይህች ልጅ እጄ ላይ ልትቀር ነው፣ ለእናቷ ምን ብዬ ልነግራት ነው አልኩ። ከአልጋው አነሳኋትና ከንፈሬን ጆሮዋ ላይ አድርጌ ያንን ስም ጠራሁት።

መጀመሪያ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ዓይኗን ከዚያ ነገር ላይ ነቅላ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ እኔ አመጣችው። አየችኝ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና ፊቷን አንገቴ ውስጥ ቀብራ ተኛች። በሕይወቴ ስጠራው እንዲህ አድርጎ የተመለሰልኝ ሰው የለም። ወደ ኋላ ስዞር ቀበቶው ተፈትቶ ወደ መተላለፊያው ተንጠልጥሏል። ምናልባት መጀመሪያም አልተቆለፈ ይሆናል፤ ድካም ብዙ ያሳያል። እስክናርፍ ድረስ ግን እንደገና አልዞርኩም፤ ስሙንም በየጥቂት ደቂቃው ሳልጠራ አልቀረሁም።

የምታሳድጋት ሴትዮ ሹራብ የለበሰች፣ ዓይነ አፋር ሴት ነበረች፤ ባሏ አበባ ይዞ የት እንደሚያኖረው ጠፍቶታል። ልጅቷን ሰጠኋት። ወረቀቱን ሁሉ ፈራረምን። ከዚያ «ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ? ስትፈራ ምን ይሻላታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ጆሮዋ ከአፌ አንድ ስንዝር አይርቅም። «ማወዛወዝ» አልኳት። ሌላ አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ስድስቱን ሰጥቼ ምንም ሳላስቀር ተመልሻለሁ። ከሰባተኛዋ አንድ ነገር ለራሴ ማስቀረት አማረኝ። ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ትዕግሥት በሴትዮዋ ትከሻ ላይ ሆና፣ በመስታወቱ በር እስክትወጣ ድረስ እኔን ነበር የምታየው።

ሸዋዬ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሸክሟን ይዛ መጣች። «ነገሩልኝ፣ ሲስተር?» አለችኝ። «ነገርኳት» አልኳት። «ምን አለች?» አንዴ ከዋሸሁ አይቀር አሳመርኩት፤ «አለቀሰች፣ ደጋግማ አለችው፣ እንዳትረሳው ጻፈችው» አልኳት። ሸዋዬ እጄን ስማ ሄደች። የሳመችው ቦታ የባሕር ዛፍ ሙጫ ቀርቶበት በሳሙና አልለቅ ብሎኝ ነበር።

ያኔ የተከራየኋት ቤት ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በረንዳዋ ወደ እንጦጦ የሚያሳይ አንድ ክፍል ናት። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሴቶቹ በሸክም ታጥፈው በመንገዱ ሲወርዱ፣ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። እጆቼ ይወዛወዛሉ፤ አፌ ደግሞ ያንን ስም ይጠራል። በሹክሹክታ ነው፤ ማንም አይሰማም። ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። በሁለተኛው ወር ሸዋዬ መጥታ እንዲህ አለችኝ፤ «ሲስተር፣ በሕልሜ ትመጣለች። ደህና ናት፣ ወፍራለች። ግን ‘ማነው የሚጠራኝ? እዞራለሁ፣ ሰው የለም’ ትለኛለች።» ጡጦ እያጠብኩ ነበር፤ ከእጄ ወደቀ።

ሁለት ሳምንት ተውኩት። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አፌን በነጠላዬ እይዛለሁ። በአስራ አምስተኛው ቀን ሸዋዬ ፊቷ ከስሎ መጣች። «ሰሞኑን ዝም አለችብኝ። ትመጣለች፣ ግን ዓይኗን ከኋላዬ ተክላ ነው የምታየው። ስጠራትም አትሰማኝም።» ስለዚያ በረራ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለዋና ኃላፊዋም፣ ለራሴ እኅትም። በዚያኑ ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ እንደገና መጥራት ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲያ መተው አልቻልኩም። ማሳደጊያው ተዘጋ፣ ሸዋዬ መምጣቷን ተወች፣ እኔ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶኝ መሪ ገባሁ። ከአራተኛ ፎቅ እንጦጦ አይታይም፤ የሚታየው የሰው ልብስ ማስጫ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ግን እዚያም አለ።

ባለፈው ጾም ሾላ ገበያ ምስር ስመርጥ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ሸዋዬ ናት። ሸክሙ ከቀረ ቆይቷል፤ አሁን እንጦጦ ላይ ችግኝ ታጠጣለች፤ ጀርባዋ ግን ሸክሙን እንደያዘ ቀርቷል። «ሲስተር፣ መጣችልኝ። እሁድ ቤቴ ትገባለች» አለችኝ። «የእሷን ቋንቋ የሚሰማልኝ ሰው የለኝም። እርስዎ ያስተርጉሙልኝ። ስሟንም ያደረሱልኝ እርስዎ አይደሉ?» ቀድሜ እውነቱን እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እያልኩ እሁድ ደረሰ።

የሸዋዬ ቤት ከጉራራ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። ልጅቷን ያመጣት መኪና መንገድ ተዘግቶበት ሲደርስ ልክ ስድስት ሰዓት ሆነ። ሸዋዬ ፀሐይዋን አየች፣ እኔን አየች። ሃያ ዓመት የጠበቀች ሴት ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ፣ ልጇን ገና ሳትስም፣ አናቷን ሸፍና ወደ ውስጥ አስገባቻት። ከዚያ ነው ያቀፈቻት። ትዕግሥት ረጅም፣ ሹሩባ የተሠራች፣ ሳቂታ ልጅ ሆናለች። ዓይኗ ያው ነው። እኔን አላወቀችኝም፤ «አስተርጓሚዋ እርስዎ ነዎት?» ብላ በትሕትና ጨበጠችኝ።

እናቷ የተማረችውን፣ የምትበላውን፣ ያሳደጓት ሰዎች ደግ መሆናቸውን ጠየቀች። ሁሉንም እያሳመርኩ ተረጎምኩ። ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቃት» አለችኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ይጠራኛል። ረፋድ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ። ቃሉ አይገባኝም። እዞራለሁ፣ ሰው የለም። ሐኪም ጋ ሁሉ ወስደውኛል። እሷ ትሆን እንዴ?» የእኛ የማታ አስራ ሁለት ሰዓት እነሱ ጋ ረፋድ ነው። ሸዋዬ አፌን አፌን ታያለች። «ትምህርቷን እንደምትወድ ነው የምትነግርሽ» አልኳት።

ሸዋዬ ፈገግ አለች። «እንግዲህ እኔም ልጥራት» ብላ ወደ ልጇ ጆሮ ተጠጋች። ስሙን ነገረቻት። ሃያ ዓመት በሆዷ የያዘችውን ስም፣ በዚያው በባሕር ዛፍ ትንፋሿ። ልጅቷ አዳመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ወደ እኔ ዞራ «ደስ ይላል፣ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ሸዋዬ እንደገና ጠራቻት፣ ቀስ አድርጋ። ልጅቷ በትሕትና ፈገግ አለች እንጂ ፊቷ ላይ ምንም አልመጣም። የሸዋዬ እጅ ጭኗ ላይ ወረደ።

ማየት አቅቶኝ ተነሳሁና ከልጅቷ ጀርባ ወዳለችው መስኮት ሄድኩ። ውጭ ፀሐይዋ ቆማለች። ከጎረቤት አንድ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። እጆቼ መወዛወዛቸውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ አፌ መከፈቱንም እንዲሁ። ያው ስም ነው፤ ሹክሹክታ ነበር። ለራሴ እንኳ በደንብ አልሰማሁትም።

ትዕግሥት ከወንበሯ ተፈናጥራ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኗን፣ ያንን ዓይን፣ እኔ ላይ ተክላ ቀረች።

ሸዋዬ ልጇን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፣ ረጅም ጊዜ። አልጮኸችም። አንቱታዋንም አላጎደለችብኝም።

«ሲስተር» አለችኝ፣ «ለማን ነበር የነገሩት?»

«ምን አለች?» አለችኝ ልጅቷ በእንግሊዝኛ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው በቤቱ የለም። ተረጎምኩላት። ያን ቀን ሳልጨምር ሳልቀንስ የተረጎምኩት እሱን ብቻ ነው።